ሞተሬና የአራኩ መንገድ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ህንድ ውስጥ ቪሻካፓትናም ከተማ ለትምህርት የመጣ ሀበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቃል፦ ሞተር ልግዛ ወይስ በአውቶቡስ ልቀጥል? እኔ ባለፈው መስከረም ገዛሁ። እስካሁን 7,600 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ።

150 ሲሲ ናት። ባለ አምስት ማርሽ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ እ.ኤ.አ. የ2018 ምርት፣ ገና ካርቦራተር ያላት። ሁለተኛ እጅ ስለሆነች ጉድለቷ ከፋብሪካው ይሁን ከበፊቱ ባለቤት አያያዝ መለየት አልችልም። ስለዚህ የሠሪውን ስም ትቼዋለሁ። እንደ እሷ ያሉ ሞተሮች ህንድ ውስጥ በየመንደሩ ሞልተዋል።

ከተማ ውስጥ ስላላት ጠባይ ብዙ አልልም። ከዶርም ካምፓስ፣ ከካምፓስ ገበያ ለመመላለስ ማንኛዋም ሞተር ትበቃለች። ሞተር የምትፈተነው ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥባት ነው። የእኔዋን በደንብ ያወቅኳት ህዳር ላይ አራኩ ሸለቆ ደርሼ የተመለስኩ ዕለት ነው። ደርሶ መልስ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። እስከ ሽሩንጋቫራፑኮታ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሰዉ ባጭሩ ኤስ ኮታ ይላታል። በዚህ መንገድ ከ55 እስከ 65 ስትነዳት እንደሷ የሚመች የለም። ድምጿ ለስለስ ይላል፣ እጅ አይደክምም። 75 ስታልፍ ግን መሪው መንዘር ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት እንዲያ ከነዳሁ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ክላክሷ ኃይለኛ ነው፤ እዚህ ደግሞ ያለ ክላክስ መንዳት አይታሰብም። የጭነት መኪናዎቹ ራሳቸው ጀርባቸው ላይ «ክላክስ አድርግ» ብለው ይጽፋሉ። ለእኛ የሚከብደው በግራ መንዳቱ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አደባባይ ላይ ራሴ ይዞርብኝ ነበር።

ከኤስ ኮታ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። አራኩ ከባህር ጠለል 900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ጠመዝማዛው ደግሞ አያልቅም። በሦስተኛ ማርሽ ሳትጨናነቅ ወጣችው። አናንታጊሪ አካባቢ ሲደርሱ በግራም በቀኝም ቡና ነው። ከረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ተተክሏል፤ በዛፎቹ ግንድ ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሟል። ገበሬዎቹ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው። የአራኩ አረቢካ እ.ኤ.አ. በ2019 በህንድ የትውልድ ቦታ ስም ጥበቃ አግኝቷል። አቁሜ አንድ ቅርንጫፍ ቀረብ ብዬ አየሁ። ቀዩ ፍሬ እንደኛው ነው፤ ዘሩም መጀመሪያ ከኛ ጫካ የወጣ ነው። እዚያ ቆሜ ሆዴ ባባ።

ሸለቆው ውስጥ የጠበቀኝ ግን ኑግ ነው። ህዳር ላይ አራኩ በኑግ አበባ ቢጫ ትሆናለች። ሰዉ ፎቶ ሊነሳ ከሩቅ ይመጣል። የኑግ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ማሳ ህንድ ውስጥ ቆሞ ሳገኘው ሞተሯን አጥፍቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ከአንድ መንደር መግቢያ ላይ ገበሬዎች ዳጉሳ አስፋልት ላይ አስጥተዋል። የሚያልፈው መኪና ይወቃላቸዋል። ከኩርባ ስወጣ ድንገት ጭዱ ላይ ገባሁ። የፊቱን ፍሬን ጠበቅ ሳደርገው የፊቱ ጎማ ወደ ጎን ሸሸ። ይህች ሞተር ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ፣ የላትም። ህንድ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነው። ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ እግሬን መሬት አስነካሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቅኩም። አንዲት እናት ከዳር ሮጠው መጡ። ቋንቋ አልተግባባንም። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ከሸክላ ማሰሮ የዳጉሳ አጥሚት ቀድተው፣ ከጥሬ ሽንኩርትና ቃሪያ ጋር ሰጡኝ። አምባሊ ይሉታል። ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ይኮመጥጣል። እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው እሱን ስጨርስ ነው። ገንዘብ ባወጣ እንቢ አሉኝ።

ቁልቁለቱም ያስተምራል። የኋላው ፍሬን ዲስክ የለውም፤ ደጋግመው ከረገጡት ይግላል፣ ይለግማል። ግማሽ መንገድ ላይ የሸራው ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ቆሜ አቀዘቀዝኩት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሩ ጉልበት እየያዝኩ ወረድኩ። በዳገት የወጣችሁበትን ማርሽ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለውን ለቁልቁለቱም ያዙት።

ወንበሩ ከሦስት ሰዓት በኋላ አይቻልም። አንድ ወንበር ሰፊ ዘንድ ወስጄ ስፖንጁን በ900 ሩፒ አስቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሞተር ሆነች። የፊት መብራቱ ግን እስከ ዛሬ ያስከፋኛል። ሲመሽ ኩርባው ውስጥ የሚያሳየው ጥቂት ሜትር ነው፣ ላሞቹ ደግሞ መሐል አስፋልት ይተኛሉ። ስለዚህ ከአራኩ ከቀትር በኋላ ሳትዘገዩ ተነሱ።

ወጪዋ ደስ ይላል። በሊትር 45 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ የዚያን ቀን ከአምስት ሊትር ብዙም አልበላችም። በየ3,000 ኪሎ ሜትር ዘይት እቀይራለሁ፣ ካቴናውን በየሁለት ሳምንቱ ቅባት እቀባለሁ። አንዴ ብቻ ካንዴላ ቀይሬያለሁ። ጎማ ቢተነፍስ በየመንደሩ ጎሚስታ አለ። «አና» ይሉሃል፣ በቴሉጉ ወንድም ጋሼ ማለት ነው፤ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ያልቃል።

ለሚገዛ ሰው፦ በጀቱ ከፈቀደ ኤቢኤስ ያላትን ግዛ። ትንሽ ጨምር፣ ተበደርም ቢሆን። ካልሆነም የእኔ ዓይነቷ ትሆናለች፤ በ65 ነድተህ በየሰዓቱ እስካረፍክ ድረስ። እኔ በሚቀጥለው ህዳር ተመልሼ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት የኋላውን ሸራ እቀይራለሁ፤ ለእኚያ እናትም ከዚህ ቆልቼ የምወስደው የጅማ ቡና አስቀምጫለሁ።