የፌደራል ብድር ወይስ የግል? አሜሪካ ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ ከመፈረማችሁ በፊት

የፌደራሉ ይቅደም። ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን የፌደራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርም በየዓመቱ መሙላት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ግሪን ካርድ ያለውም መሙላት ይችላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው በስሙ የሚወስደው ብድር ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) አይታይበትም፣ ዋስም አይጠየቅበትም። ወለዱ ለሁሉም እኩል ነው፣ እስከ መጨረሻውም አይለወጥም፤ ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ለተሰጠው 6.39 በመቶ ነው። 10,000 ዶላር በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 113 ዶላር ገደማ ይመጣል።

ችግሩ ጣሪያው ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ አንደኛ ዓመት 5,500፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ቢያገኝ ነው። ከ5,500ው ውስጥ መንግሥት በትምህርት ጊዜ ወለዱን የሚሸፍነው ቢበዛ የ3,500ውን ነው፤ በቀረው ላይ ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል።

የግሉ ብዙ ያበድራል፣ ወለዱን ግን በክሬዲት ይተምናል። የ18 ዓመት ልጅ ክሬዲት ስለሌለው ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) አምጣ ይባላል፤ እሺ ብሎ የፈረመ አጎት ልጁ ካልከፈለ ሙሉ ዕዳው የእሱ ነው። ይህን ሳይነግሩ ዘመድ ማስፈረም ነውር ነው። ተለዋዋጩ ወለድ ዝቅ ብሎ ይጀምርና በኋላ ሊወጣ ይችላል። ሥራ ሲጠፋ የፌደራሉ ክፍያን ከገቢ ጋር የሚያያይዝ ዕቅድ አለው፤ የግሉ እንደ ውሉ ነው። ስለዚህ ወለድ ቀነሰልን ብላችሁ የፌደራሉን ወደ ግል አታዙሩ፤ መብቱ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ኮሌጁ የሚልከው የእርዳታ ደብዳቤ ላይ ነው። ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) እና ሎን (ብድር) አንድ ላይ ተደርድረው ሁሉም ስጦታ ይመስላሉ። ዓመታዊ ወጪው 32,000፣ ግራንቱ 14,000 ዶላር ከሆነ የእናንተ ድርሻ 18,000 ነው። ከዚያ ላይ የአንደኛ ዓመቱ 5,500 የፌደራል ብድር ሲነሳ 12,500 ይጎድላል። የፌደራሉ ጣሪያ በኋላ ከፍ ስለሚል፣ የአራት ዓመቱ ጉድለት በግል ብድር ቢሞላ 45,000 ነው። በ10 በመቶ ወለድ ሲታሰብ፣ ከአራቱ ዓመት 27,000 የፌደራል ብድር ጋር፣ ለ10 ዓመት በወር 900 ዶላር ገደማ ይከፈላል፤ በትምህርት ጊዜ የተቆጠረው ወለድ ገና አልተጨመረም።

እዚህ ላይ መለወጥ ያለበት አበዳሪው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ዲግሪው ያዋጣል፤ በዚህ ዋጋ ግን ለአብዛኛው ሙያ አያዋጣም። ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ክፍያው ዝቅ ያለ የአካባቢ ኮሌጅ) ተምሮ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ያጠፋዋል። ብቻ ከመመዝገቡ በፊት የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙለት የሚዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ያልተያዘ ኮርስ እንደገና ይከፈልበታል።