8 ወር የሰራሁበት የአማርኛ ፎንት፣ ለምን እንደጠላሁት

ድሬ ከዚራ አካባቢ ትንሽ የህትመት ሱቅ አለኝ፣ የሰርግ ካርድ፣ ሜኑ፣ ባነር፣ የእድር ወረቀት፣ የባጃጅ ስቲከር የመጣውን ሁሉ እሰራለሁ። ከ8 ወር በፊት አንድ የአማርኛ ፎንት ገዛሁ፣ በነጻ አይደለም በብር፣ ስሙን አልጠራም ሰሪው እንደለፋበት ስለሚታይ። መጀመሪያ አቦ እንዴት ወደድኩት! መስመሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት፣ ክቡ እንደ ሳንቲም ክብ፣ 3 ሜትር ባነር ላይ «ድሬዳዋ» ብዬ ስጽፍበት አይን ይይዛል፣ ደንበኛው ሁሉ እንደዛኛው አርግልኝ ይለኝ ስለነበር ለሁለት ወር ሌላ ፎንት አልነካሁም።

ከዛ አንድ የሰርግ ካርድ መጣ፣ በትንሽ ፊደል፣ በ10 ፖይንት አወጣሁት። የሙሽራዋ አባት ካርዱን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡና ቆይተው «የልጄን ስም እኮ አበላሸኸው» አሉኝ። እኔ የጻፍኩት ሱ ነው፣ እሳቸው ያነበቡት ሲ። ጠጋ ብዬ ሳየው እውነታቸውን ነው። ካዕብና ሳልስን የምትለየው ያቺ ቅጥያ ናት፣ ሱ ላይ ወገቡ ጋ፣ ሲ ላይ እግሩ ስር፣ ይሄ ፎንት ግን ለማሳመር ብሎ ቅጥያዋን አሳጥሮ የወገቡን ወደ ታች አውርዶታል፣ በትልቁ ትታያለች ሲያንስ ግን ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ፣ ኩ እና ኪ መንታ ይሆናሉ። ሜኑ ላይ ቡላ ያልኩት ቢላ ተብሎ ተነቧል። ካርዱን በራሴ ወጪ ደገምኩት።

አንዴ ካየሁት በኋላ አይኔ አልተወውም። የራሱ ቦልድ የለውም፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያወፍረውና የሞ የቁ የፀ ቀዳዳ ይደፈናል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የእድር ወረቀት ነው። ሟ የለውም! «ሟች» ብዬ ስጽፍ ሟ ከሌላ ፎንት ትመጣለች፣ ቀጥና ከጎኗ ካለችው ች ጋር ሳትገጥም ትቆማለች፣ ይሄ እኮ ሰው እያለቀሰ የሚያነበው ወረቀት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሟም ቧም ቷም አብረው አሉ፣ በብር የሚሸጥ ፎንት እንዴት ይዘላቸዋል?

ሳስበው ነገሩ የሚጀምረው ከዛ ከወደድኩት አንድ ውፍረት ነው። ፊደላችን በመቃ ብራና ላይ ያደገ ነው፣ መቃ ቁልቁል ሲወርድ ያወፍራል አግድም ሲሄድ ያቀጥናል፣ አይናችን የለመደው ይሄን ነው። አንድ ውፍረት ሆኖ ጥሩ የሚነበብም አለ፣ ኖቶ ሳንስን እዩ፣ ግን እዛ ቅጥያዎቹን በቦታቸው ትተዋቸዋል።

አሁን ካርድና ሜኑ በኒያላ ፎንት ነው፣ ያው በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው፣ ብዙ ዲዛይነር አረጀ ይለዋል፣ እኔ ጋ ግን አንድም ካርድ አላስመለሰም። የገዛሁትን ፎንት ፊደሉ ከክንድ በላይ ለሆነ ባነር ብቻ እከፍተዋለሁ፣ ለእድር ወረቀት ግን ደንበኛው ራሱ ቢለምነኝም አልሰራበትም።