ለባንኮክ የቦይ ጀልባ ረዳቶች ምስጋና፣ ቦርሳ አዝላችሁ ለምትመጡም ጥቆማ

ይህ ምስጋና በባንኮክ ሴን ሴፕ ቦይ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝብ ለሚያመላልሱት የጀልባ ሠራተኞች ነው፤ ለነጂዎቹ፣ ገመድ ለሚጥሉትና ትኬት ለሚቆርጡት ረዳቶች። ከጓደኛችሁ ጋር ቦርሳ አዝላችሁ ባንኮክን ለማየት ያሰባችሁ፣ ሕመምተኛ ይዛችሁ ባምሩንግራድ ሆስፒታል አካባቢ የከረማችሁ፣ ወይም ልብስ ልትገዙ ፕራቱናምና ቦቤ ገበያ የምትመላለሱ ወገኖች፣ በዚያች ከተማ ከመንገዱ ትርምስ የሚገላግል ርካሽና ፈጣን መላ ቢኖር የእነዚህ ሰዎች ሥራ ነውና አጠቃቀሙን በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

ባንኮክ ላይ በካርታ ቅርብ የሚመስል ቦታ በሥራ መውጫ ሰዓት በመኪና አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ምክንያቱ የመኪናው ብዛት ብቻ አይደለም። «ሶይ» ከሚባሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ብዙዎቹ ወዲያ ማዶ አያወጡም፤ ስለዚህ መኪናው ሁሉ ተመልሶ ሱኩምቪትንና ፔችቡሪን በመሰሉ ጥቂት አውራ ጎዳናዎች ላይ ይከማቻል። መብራቱም አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። የሴን ሴፕ ቦይ ግን ከፔችቡሪ መንገድ በስተደቡብ፣ ጎን ለጎን እየሄደ የከተማውን መሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ቦዩ የተቆፈረው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1840 በንጉሥ ራማ ሦስተኛ ዘመን፣ ወታደርና ስንቅ ወደ ምሥራቅ ለማድረስ ነበር። የዛሬው የጀልባ መስመር በ1990 ተጀምሮ፣ ከአሮጌው ከተማ ጫፍ ከፓንፋ እስከ ምሥራቅ ዳር ዋት ሲቡንሩዋንግ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል።

ስትሳፈሩ ረዳቶቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው። መቀመጫው ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ የተዘረጋ አግዳሚ ስለሆነ መሀል ለመሀል መተላለፊያ የለም። ስለዚህ ሂሳብ የሚሰበሰበው ከውጭ በኩል ነው። ረዳቷ (ሴቶች ብዙ ናቸው) እግር ብቻ በምታስቀምጥ ጠርዝ ላይ በጎን እየተራመደች ከአግዳሚ አግዳሚ ታልፋለች። በአንድ እጇ ከጣሪያው ሥር የተወጠረውን ገመድ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ጣቶች መካከል በርዝመታቸው የታጠፉ የባት (የታይላንድ ገንዘብ) ኖቶች ተሰክተዋል። ጀልባው ውኃውን እየሰነጠቀ ሲበር እሷ ትኬት ትቀድዳለች፣ መልስ ትቆጥራለች፣ የምትወርዱበትንም ታስታውሳለች። ሄልሜት የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ውኃው ሞልቶ ድልድዩ አላሳልፍ ሲል የጀልባው ጣሪያ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ረዳቷም አብራው ጎንበስ ብላ ታልፍና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ፌርማታ ሲደርስ ደግሞ ገመድ ጣዩ ቀድሞ መሳፈሪያው ላይ ይዘልና ገመዱን ምሰሶው ላይ ይጠመጥማል። ሞተሩ አይጠፋም። ሰው ወርዶ ሰው ይሳፈራል፣ ገመዱ ይፈታል፣ ጀልባው ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ይህን ሁሉ በጥድፊያ እየሠሩ ግን አዛውንት ሲመጡ ክንዳቸውን ይዘው ያሳፍራሉ፣ ልጅ ያዘለችውን እናት ደግፈው ያወርዳሉ። ለእኔ ከምንም በላይ ምስጋና የሚገባው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው። ቦርሳ አዝሎ የመጣ እንግዳ ችግር የሚገጥመው ጉዞው ላይ ሳይሆን መሳፈሩ ላይ ነው። ጀልባው ከመድረሱ በፊት የወገብና የደረት ማሰሪያውን ፍቱ። ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ የታሰረ ከባድ ቦርሳ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የተፈታ ቦርሳ ግን በቀላሉ ይወልቃል። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ዚፑም ይዘጋ፤ በጀልባውና በመሳፈሪያው መካከል ባለው ክፍተት የገባ ነገር አይመለስም። የሚወርደው ሰው ወርዶ ሲያበቃ አንድ እጃችሁን ገመዱ ላይ አድርጉና በአንድ እርምጃ ግቡ። አንድ እግር ጀልባው ላይ አንዱ መሳፈሪያው ላይ አድርጎ ማመንታት ነው አደጋው፤ ጀልባው በማዕበሉ ከመሳፈሪያው ይርቃልና። ቦርሳን ከክፍተቱ በላይ ለጓደኛ ማቀበልም አይደረግም፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይግባ። ከገባችሁ በኋላ ቦርሳውን አውርዳችሁ ጭናችሁ ላይ ወይም በእግራችሁ መካከል አስቀምጡት። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ከሆነ የያዛችሁት ግን ይቅርባችሁ፣ ታክሲ ያዙ፤ ለራሳችሁም ለሠራተኞቹም ፈተና ነው።

ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ አንዱ ገብቶ አንዱ ሊቀር ይችላል፤ ሰው ሲበዛ ጀልባው አይጠብቅም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የተሳፈረው ተመልሶ ለመዝለል አይሞክር፤ እስከታሰበው ፌርማታ ሄዶ እዚያው ይጠብቅ፣ የቀረው ደግሞ በሚቀጥለው ይምጣ። በሥራ ቀን ቀጣዩ ጀልባ ለመምጣት ብዙ አይቆይም። የትኬት ገንዘብና የሆቴሉ አድራሻ በሁለታችሁም ኪስ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

ሂሳቡ እንደ ርቀቱ ነው፤ በነዳጅ ዋጋ ከፍ ዝቅ ቢልም በብዙ መንገዶች ላይ ከ10 እስከ 20 ባት አካባቢ ነው። የሚከፈለው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ መውረጃችሁን ብቻ ጥሩ፣ «ፕራቱናም» ወይም «አሶክ» በቂ ነው። ባለ 20 ባት ኖትና ሳንቲም ያዙ። ባለ 1000 ባት አውጥቶ ጠርዝ ላይ የቆመች ረዳትን መልስ ማስቆጠር ክፉ ሥራ ነው፤ ካልዘረዘራችሁ ሴቨን ኢለቨን (7-Eleven) ከሚባሉት ሱቆች ውኃ ገዝታችሁ ዘርዝሩ፣ በየማዕዘኑ አሉ። ትኬቱንም አትጣሉት። መስመሩ ፕራቱናም ላይ ይቆረጣል፤ ሁሉም ሰው ይወርድና ወደ ሌላ ጀልባ ይዛወራል። ለመጨረሻ መድረሻችሁ ከከፈላችሁ ሁለተኛው ጀልባ ላይ ያንኑ ትኬት ታሳያላችሁ። እንግዳ ሰው ፕራቱናም ሲደርስ ደርሻለሁ ብሎ ከፌርማታው ይወጣል ወይም ባዶ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ሕዝቡ ወደሚሄድበት ሂዱና «ፓንፋ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በእጅ ያሳዩአችኋል። አቅጣጫን መጠየቅ በሌሎቹ ፌርማታዎችም ግድ ነው።

ከሱዋናፑም አየር ማረፊያ ለሚመጣ ቦርሳ አዝሎ ተጓዥ የማደንቀው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ይሟላ፤ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ ከኢሚግሬሽን መስኮት በፊት ባለው የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ይታያል፤ ይህን ሳያልፉ ኢሚግሬሽን ሰልፍ የያዙ ሰዎች ተመልሰው እንደገና ይሰለፋሉ። ዲጂታል የመግቢያ ቅጹ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት በነፃ ይሞላል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ትክክለኛው አይደለም፣ ዝጉት። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ባቡሩ አጠገብ ያሉት ገንዘብ መንዛሪዎች ላይኛው ፎቅ ካሉት የተሻለ ይሰጣሉ። በከተማው ባቡር ማካሳን ጣቢያ ውረዱ፣ በእግረኛ ድልድዩ ወደ ፔችቡሪ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተሻገሩ፤ አሶክ የጀልባ ፌርማታ ከዚያ ቅርብ ነው። ከአሶክ ወደ ፕራቱናም፣ ተዛውራችሁ ወደ ፓንፋ። ከፓንፋ የእንግዳ ማረፊያዎች ወዳሉበት ካኦሳን መንገድ ቦርሳ ያዘለ ሰው በ20 ደቂቃ ገደማ በእግሩ ይደርሳል፤ ወርቃማው ተራራ የሚባለው የዋት ሳኬት ቤተ መቅደስም አጠገቡ ነው። ፓንፋ አካባቢ ግን የምድር ባቡር ግንባታ ስላለ ጀልባው ቦቤ ላይ ሊያበቃ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አትደናገጡ፤ ከቦቤ ፓንፋ በእግር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለአስታማሚ ቤተሰቦች ደግሞ፣ ሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ ያለው ናና ኑዋ ፌርማታ ከባምሩንግራድ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። ከዚያ ዋየርለስ፣ ቺድሎም፣ ፕራቱናም፤ ሦስተኛው ላይ ገበያው በር ወረዳችሁ ማለት ነው። በታክሲ ያው መንገድ ማታ ማታ የሚያስመርር ነው። ሕመምተኛውን ግን በዚህ ጀልባ አትውሰዱ። መወጣጫ የለውም፣ ያንገጫግጫል፣ የቦዩም ውኃ ንጹሕ ስላልሆነ ስፌት ወይም ክፍት ቁስል ላይ መረጨት የለበትም። ነጋዴዎች፣ ለመቃኘትና ናሙና ለማየት ጀልባው ተወዳዳሪ የለውም፤ የገዛችሁትን ጆንያ ግን ለካርጎ ስጡ።

ስለ ውኃው እውነቱን ልናገር። ይሸታል፤ ሁለት ጀልባ ሲተላለፍም ይረጫል። በየጎኑ የተንጠለጠለው ላስቲክ ለዚያ ነው፤ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመዱን ስቦ ያነሳዋል፣ ፌርማታ ሲደርስም ይለቀዋል። ዳር ከተቀመጣችሁ ይህ የእናንተ ሥራ ነው፣ ሌላው መንገደኛም ይህንኑ ይጠብቃል። መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግ፣ አፍ ይዘጋ። ለመቀመጥ መሀሉ ይሻላል፤ ዳሩ ይረጫል፣ ሞተሩ አጠገብ ጩኸቱና ሙቀቱ ይበረታል። በዝናቡ ወራት፣ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ቦዩ ከመጠን በላይ ከሞላ ጉዞው ሊቋረጥ ይችላል፤ መሳፈሪያውም ያዳልጣል፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም። የሕይወት አድን ጃኬት በጀልባው ላይ አለ፤ የት እንዳለ ስትቀመጡ አይታችሁ ያዙ።

ሠራተኞቹን ማመስገን የፈለገ ሰው ዝርዝር ይዞ ይቀርባል፣ ቶሎ ይገባል፣ መሀሉን ይሞላል፣ ለመነኩሴ ቦታ ይለቅቃል። ጉርሻ አይጠብቁም። ወንድ ከሆናችሁ «ኮፕ ኩን ክራፕ»፣ ሴት ከሆናችሁ «ኮፕ ኩን ካ» በሉ፤ ፈገግታቸው ፈጥኖ ይመጣል። ገመድ ሲጥሉ ግን ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ፊታቸው አትቁሙ።

ጀልባው ጎህ ሲቀድ ይጀምርና በሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ሥራው ያበቃል፤ ከፕራቱናም ወደ ፓንፋ ያለው ክፍል ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ። ካመለጣችሁ ታክሲ አስቁማችሁ «ሚተር» በሉ፤ ቆጣሪው ከ35 ባት ይነሳል፣ አላበራም ካለ በሩን ዝጉና ሌላ ጥሩ። ለአጭር መንገድ ቁጥር ያለው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት ሞተረኞች አሉ፤ መቆሚያቸው ላይ የዋጋ ሰሌዳ ይኖራል፣ ከሌለ ሳትወጡ ተስማሙ፣ ሄልሜትም ጠይቁ። «ቤተ መቅደሱ ዛሬ ዝግ ነው፣ በ20 ባት ከተማውን ላሳያችሁ» የሚል ባለ ባጃጅ የሚወስዳችሁ የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልለቅም ካላችሁ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው፤ በእንግሊዝኛ ያናግሯችኋል።