ለሻዶዊንግ ብላችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ!

ፕሪ ደንታል የሆናችሁ፣ ማለትም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የምትዘጋጁ እህት ወንድሞቼ፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ የጥርስ ሕክምና ለመግባት የምናመለክት ሁሉ ሻዶዊንግ ማድረግ፣ ማለትም ሐኪም አጠገብ ቆመን ሥራውን ማየት እንዳለብን እናውቃለን። የሚጠየቀው ሰዓት እንደ ትምህርት ቤቱ ቢለያይም 100 የሚለው ቁጥር ከሁላችንም አፍ አይጠፋም። ይህን ጭንቀታችንን ነው የሚነግዱበት።

አራት ክሊኒክ ደውዬ አንዱም አልመለሰልኝም ነበር። በዚያው ሰሞን «100 ሰዓት ከነሰርተፍኬቱ፣ ሐኪሙን እኛ እናገናኛለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። 400 ዶላር ከፈልኩ። የላኩልኝ የቪዲዮ ሊንክ ነው፤ 80ው ሰዓት እሱ ነው ተባለ። ለቀሪው 20 የአንድ ክሊኒክ አድራሻ ሰጡኝ። ልብሴን ተኩሼ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ በጠዋት ደረስኩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ሁለት ጊዜ ፈለገችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰችና «ዶክተሩ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቁም» አለችኝ። ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ «ቪዲዮውን ከፍተሽዋል፣ ተመላሽ የለም» አሉኝ።

ሰርተፍኬቱም የሚረባ አይደለም። ማመልከቻ የምናስገባበት አድሳስ (AADSAS) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የሚሞላው የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንዳየን ነው። ቪዲዮ ማየትን የማይቆጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የድጋፍ ደብዳቤውንም ሐኪሙ ራሱ ነው በቀጥታ የሚያስገባው። በምን አውቆኝ ይጻፍልኝ?

«ውጭ አገር ወስደን ጥርስ እናስነቅላችኋለን» ከሚሉት ደግሞ ፈጽሞ ራቁ። ፈቃድ የሌለው ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ በሽተኛው ይጎዳል፣ ማመልከቻውም ይበላሻል።

እኔን ያወጣኝ ጥርሴን የሚያዩልኝ ሐኪም ናቸው። ለጽዳት ሄጄ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ጠየቅኳቸው። «ማክሰኞ ነይ» አሉኝ፣ በቃ። የበሽተኛን ምስጢር ስለመጠበቅ አንድ ወረቀት ፈረምኩና ጥግ ላይ ቆምኩ። አረንጓዴውን ላስቲክ ጥርሱ ላይ ሲወጥሩ፣ ሙሌቱን በሰማያዊው መብራት ሲያጠነክሩ አየሁ። ከሁሉም የገረመኝ ግን መርፌውን ከማንሳታቸው በፊት የፈራችውን ሴትዮ ሲያረጋጉ የወሰዱት ጊዜ ነው። ይህን የትኛውም ቪዲዮ አላሳየኝም። አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። የጓደኛቸውን ስልክም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ሐኪም፣ የቤተሰባችሁን ሐኪም ጠይቁ። ስልክ ካልተነሳ በአካል ሂዱ። ሰዓታችሁን በዕለቱ መዝግቡ።

በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ የተበላችሁ ካላችሁ ደግሞ ቢሉ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ተቃውሞ አስገቡ። እኔ ዛሬ ይመልሱልኛል፣ ነገ ይመልሱልኛል እያልኩ ቀኑ አለፈብኝ።