የስም ትርጉም የሚነግር መተግበሪያ በ«ናኦሚ» ሲፈተን

ለሴት ልጃቸው ስም የሚፈልጉ ወላጆች ከሚያወርዷቸው የስልክ መተግበሪያዎች አንዱን ለመመዘን የመረጥሁት «ናኦሚ» የተሰኘውን ስም ነው፤ አንድ ስም በብዙ ሕዝብ ዘንድ ሲገኝ መተግበሪያው ምንጩን ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ይመቻል። መተግበሪያው ፈጣን ነው፤ የስሙን አጠራርም ጥርት ባለ ድምፅ ያሰማል። ትርጉሙን ሲጠየቅ ግን «ደስ የምትል፣ ቅንና ቆንጆ» ይልና፣ መነሻው በሚለው ስፍራ «ዕብራይስጥ፣ ጃፓንኛ» ብሎ ያልፋል። ይህ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ሁለት ስሞችን እንደ አንድ መቁጠር ነው።

የዕብራይስጡ ስም ደስ መሰኘትን ከሚገልጽ ሥር የወጣ ሲሆን፣ የዐረብኛው «ኒዕማ» የዚያው ሥር ዘመድ ነው። በመጽሐፈ ሩት ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሞዓብ ያጣችው ናኦሚ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ ከእንግዲህ «ማራ» ማለትም መራራ በሉኝ ያለችው የቀድሞ ስሟ ከደረሰባት ጋር ስላልተስማማ ነው። ስሙን ለልጁ የሚመርጥ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባውን ይህን ታሪክ መተግበሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አያነሣም።

የጃፓንኛው ትርጉም ደግሞ ወላጆች በሚመርጡት ካንጂ፣ ማለትም እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም ባለው የጃፓን ፊደል ይወሰናል፤ በተለመደው አንድ አጻጻፍ የፊተኛው ፊደል ቀናነትን፣ የኋለኛው ውበትን ያመለክታል። የቴኒስ ተጫዋቿ የናኦሚ ኦሳካ ስም ግን የሚጻፈው ድምፅን ብቻ በሚወክለው በሂራጋና ነው፤ ስለዚህ ከፊደሉ ትርጉም አይወጣለትም። ከዚህም በላይ መተግበሪያው «የሴት ብቻ» ብሎ የመደበው ይህ ስም በጃፓን ለወንድም ይወጣል፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ብቻውን ሰሜን ዋልታ የደረሰው ናኦሚ ኡኤሙራ ወንድ ነበር።

ለእኛ አንባቢዎች ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። በዐማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመጽሐፈ ሩቷ ናኦሚ «ኑኃሚን» ትባላለች፤ የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪኩ ሲሆን፣ በግሪኩም ስሟ «ኖኤሚን» ተብሎ በ«ን» ያበቃል። ዛሬ ልጆቻችን በሁለቱም መልክ ይጠራሉ፤ በተለይ በውጭ አገር የሚኖር ወላጅ አያቷም መምህሯም ሳይቸገሩ የሚጠሩትን ስም ሲሻ ሁለቱን ማነጻጸሩ አይቀርም። መተግበሪያው ግን «ኑኃሚን»ን በግዕዝም ሆነ በላቲን ፊደል ሲጠየቅ ምንም አያገኝም። ክፍያ የሚጠየቅበት ክፍልም ማስታወቂያዎቹን ከማስቀረት በቀር የሚጨምረው ነገር ስለሌለ፣ ገንዘብ እንዲወጣበት አልመክርም።