ለእንግሊዝኛ መምህርቴ ምስጋና፣ ሲያትል አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

በሲያትልና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ኮሌጅ መግባት እያማራችሁ «እንግሊዝኛው ያስፈራኛል» ብላችሁ የምታመነቱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። መምህርቴ አማርኛ ስለማያነቡ ለእርሳቸው የሚገባውን ምስጋና በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጥቻለሁ። አርመው ካልመለሱልኝ እድለኛ ነኝ።

መምህርታችን በአንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንግሊዝኛ 101 የሚባለውን የድርሰት ኮርስና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጥናትን ያስተምራሉ። ራሳቸውም የፒውጄት ሳውንድ ባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝቦች ወገን ናቸው። በስማቸው ብቻ እንድንጠራቸው ነግረውን ነበር፤ እኛ ሐበሾቹ ግን አፋችን እሺ ስላላለን «ቲቸር» እንዳልን ቀረን። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ኮርሶች አጣምረው በአንድ ኳርተር ይሰጣሉ፤ እኔ የተማርኩት በዚህ መልክ ነው። እንግሊዝኛው ለዲግሪ ግዴታ ስለሆነ ነባር ሕዝቦች የሚለው ምራቂ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቆጥሬ የያዝኩት ነገር ሁሉ የመጣው በዚያ በኩል ነው።

ለምሳሌ ሰዋስው ያስተማሩን ከአንድ የከተማ ደንብ ነው። ሲያትል የተሰየመችው በዱዋሚሽና በሱኳሚሽ ሕዝቦች አለቃ ስም ነው። እኒህ አለቃ እ.ኤ.አ. በ1855 የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የፖይንት ኤሊየት ውል ሲፈረም ምልክታቸውን ካኖሩት የመጀመሪያው ነበሩ። በ1865፣ እርሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ፣ በስማቸው የምትጠራው ከተማ ነባር ሕዝቦች በውስጧ እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ አሠሪ ያላቸውና አሠሪው የሚያሳድራቸው ካልሆኑ በቀር። መምህርታችን የደንቡን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፉና «እንዲኖሩ አይፈቀድላቸውም» የሚለውን ቦታ በአረንጓዴ ቀለም ከበቡት። ከዚያ ዞር ብለው «የማይፈቅደው ማነው?» አሉ። ሁላችንም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤቱን ብንፈልግ የለም። ገቢርና ተገብሮ በትምህርት ቤት ስንት ዓመት ስንሸመድደው የኖርነው ነገር ነው፤ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ግን የዚያን ዕለት ነው። «ታግዷል»፣ «ተወስኗል»፣ «ታዟል» የሚል ወረቀት የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እያነበበ ላደገ ሰው ትምህርቱ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ስለ ምንጭ ማጣራት የተማርነው ነው። በአለቃው ስም የሚጠራ፣ ስለ መሬትና ስለ ሰው የሚናገር፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ከንስር ላባ ሥዕል ጋር የሚዞር ዝነኛ ንግግር አለ። ብዙዎቻችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም፤ በአማርኛም ተተርጉሞ አይቼዋለሁ። የቤት ሥራችን ይህን ጽሑፍ ይዞ ወደ ኋላ እየሄዱ መነሻውን መፈለግ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች እየረዱን ስንሄድ፣ ዛሬ በሰፊው የሚዞረውን ቅጂ የጻፈው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የአካባቢ ጥበቃ ፊልም የሠራ የፊልም ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ በፊት ያለው ደግሞ ሄንሪ ስሚዝ የተባሉ ሐኪም በ1887 በሲያትል ጋዜጣ ያወጡት ነው፤ ሰማሁት ካሉበት ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ማለት ነው። አለቃው የሚናገሩት ሉሹትሲድ በሚባለው የአካባቢው ቋንቋ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ንግግር የለም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተቋረጠብን።

አንዷ ተማሪ «ታዲያ ሐሰት ነው ብለን እንጣለው?» ብላ ጠየቀች። መምህርታችን አልቸኮሉም። የሐኪሙ ጽሑፍ ሐኪሙን፣ የፊልሙ ጽሑፍ የ1970ዎቹን ሰዎች ይነግረናል፤ የአለቃውን ድምፅ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ቦታ እንሂድ ብለው ምልክታቸው ያረፈበትን ውል አስነበቡን። ቀጥለውም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሉሹትሲድ ያስተማሩትንና የሽማግሌዎችን ድምፅ ሲያሰባስቡ የኖሩትን፣ በ2008 ያረፉትን የአፐር ስካጂት ሕዝብ ተወላጅ የቫይ ሂልበርትን ሥራ አስተዋወቁን። ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ምንጩ የት ነው?» እያልኩ መጠላት ጀምሬአለሁ። የጥንት ነገሥታት ተናገሩት እየተባለ የሚላክልን ነገር መቼም አያልቅም።

የመከራከሪያ ድርሰት የጻፍነው በሳልሞን ዓሣ ነው። ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1974 እንዲህ ባሉት ውሎች መሠረት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ ለነባር ሕዝቦቹ እንደሚገባ ፈርደው ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደ ኒስኳሊ ሕዝብ ተወላጁ ቢሊ ፍራንክ ያሉ ሰዎች በገዛ ወንዛቸው ዓሣ አጠመዳችሁ ተብለው በተደጋጋሚ ታስረዋል። መምህርታችን ምን ቢያዙን ጥሩ ነው? ፍርዱ እንጀራዬን ነካብኝ የሚለውን የነጭ ዓሣ አጥማጅ ክርክር አስቀድመን፣ እርሱ ራሱ ቢያነበው «ልክ ነው፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሳምረን እንድንጽፍ። መልስ መስጠት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። የእርሳቸው ዘመዶች በዚያ ወንዝ ላይ እንደነበሩ እያወቅን ይህን ሲያዙን ክፍሉ ተያየ።

አንድ የሶማሊያ ልጅ ሁላችንም ይዘነው የነበረውን ጥያቄ አነሳ። በ1879 በፔንሲልቫኒያ ከተከፈተው ከካርላይል ጀምሮ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦች ልጆች ጸጉራቸው ተቆርጦ፣ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለው እንግሊዝኛ እንደተጫነባቸው በዚያው ሳምንት አንብበን ነበር። «ታዲያ እርስዎ እንግሊዝኛ ለምን ያስተምራሉ?» አላቸው። ውሉም፣ ደንቡም፣ ፍርዱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግረኝ አልፈልግም አሉ። ከዚያ ወደ ነጠላ ሰረዝ ትምህርት ተመለስን።

ጥቅሙን ለምትጠይቁ፣ አከራዬ «ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፈል ተወስኗል» የሚል ደብዳቤ ሲልኩልኝ የውሉን አንቀጽ ጠቅሼ ማን እንደወሰነና በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጠየቅሁ። ክፍያው ቀረ። ዱሮ ቢሆን ከፍዬ አማርር ነበር።

አሁን ልብ የምትሉት ነገር። ኮርሱ ቀላል አይደለም። ንባቡ ብዙ ነው፣ ውጤት አሰጣጣቸውም ጥብቅ ነው፤ ረቂቃችሁ ተስተካክሎ ሳይሆን ዳር ዳሩን በጥያቄ ተሞልቶ ነው የሚመለስላችሁ። ስህተቴን አርመው ይሰጡኛል ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ትናደዳላችሁ። በእኔ አስተያየት ለጥቅስ አጻጻፍ ሥርዓት የሚሰጡት ጊዜም ትንሽ ያንሳል፤ ለዚያ ወደ ኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ሂዱ፣ ነፃ ነው። የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩ ግን እንዲህ ዓይነት መምህር አይገኝም። ከሥራ በቀጥታ ለምንመጣ ብለው ቢሮአቸውን በማለዳ ይከፍታሉ፣ ቡናም አፍልተው ይጠብቃሉ። ቡናው ቀጭን ነው፤ ጠጡት፣ ምንም አትበሉ።

ክፍያውን በሚመለከት ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የፌዴራልና የዋሽንግተን ግዛት የትምህርት ድጋፍ ስላለ ሳትጠይቁ ተስፋ አትቁረጡ፤ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ቅጹን አብሮአችሁ ይሞላል። ስላላስፈቀድኩ የመምህርቷንና የኮሌጁን ስም በአደባባይ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለመኸር ኳርተር ምዝገባው ሳይዘጋ እነግራችኋለሁ። የተጣመረው ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ካልደረሳችሁ እንግሊዝኛ 101ን ብቻውን ሲያስተምሩ ያዙት።