ብላይንድ ዊሊ ማክቴል፣ «ላስት ሴሽን»፦ ከመኪናዬ ያልወጣ ሲዲ

አትላንታ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ፖንስ ዴ ሊዮን ጎዳናን በቀን አራት አምስቴ እመላለስበታለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በመስኮት እያዩ፣ «እዚህ ፒግ ኤን ዊስል የሚባል ጥብስ ቤት ነበር። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲበላ ዊሊ ማክቴል እየዞረ ይጫወትለት ነበር» አሉኝ።

በሳምንቱ የማክቴልን «ላስት ሴሽን» የተባለ ሲዲ ገዛሁ። ያገለገለ ነው፣ 9 ዶላር። ሻጩ «ጭረት የለውም» ብሎኝ ነበር፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ይዘላል። በጣም ነው የተናደድኩት። እናንተ አዲሱን ግዙ።

ማክቴል በአሜሪካዋ ጆርጂያ ቶምሰን ተወልዶ ስቴትስቦሮ ያደገ፣ ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን የሚጫወት ዓይነ ስውር ነው። ጊታር ያስተማረችው እናቱ ናት። ከዚያ በኋላ ኑሮው መንገድ ሆነ። የትምባሆ ሽያጭ ሲደርስ ገበሬው እጁ ላይ ብር አለ፣ እሱም እዚያው ይገኛል። ከ1927 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ሸክላ አስቀረጸ። ለተለያዩ የሸክላ ኩባንያዎች ነው፦ ለቪክተር በራሱ ስም፣ ለኮሎምቢያ «ብላይንድ ሳሚ»፣ ለኦኬ «ጆርጂያ ቢል» እየተባለ። የ1928 ሥራውን «ስቴትስቦሮ ብሉዝ»ን ኦልማን ብራዘርስ የተባለው የሮክ ባንድ በ1971 ሲጫወተው፣ እሱ ካረፈ 12 ዓመት ሆኖታል።

የእኔ ሲዲ የተቀረጸው በ1956 ነው። አትላንታ ውስጥ ሸክላ ይሸጥ የነበረው ኤድ ሮድስ ቴፕ ከፍቶ አስቀመጠው። እውነቱን ለመናገር፣ የድምፅ ጥራቱ የስቱዲዮ አይደለም። የማክቴልም ድምፅ የወጣትነቱ ድምፅ አይደለም። ጊታሩ ግን ያው ነው። ባለ 12 ክር፣ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑ፣ ያለ ማጉያ መንገድ ላይ የሚሰማ። አውራ ጣቱ ከታች ወፍራሙን ድምፅ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይለቅማሉ። ሁለት ሰው የሚጫወት ነው የሚመስለው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ወሬው ነው። በዘፈኖቹ መሃል ያወራል። «ዳይን ክራፕሹተርስ ብሉዝ» ከመጀመሩ በፊት የሚናገረውን ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። አንድ ቁማርተኛ ወዳጁ «ስሞት መቃብሬ ላይ ተጫወትልኝ» ብሎታል። ማክቴል ዘፈኑን በ1929 ጀመረ፣ በ1932 ጨረሰ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ሳይቸኩል ነው የሚናገረው፤ ለቅሶ ደርሶ የተመለሰ ጎረቤት እንደሚያወራው። ወረፋዬ አለፈኝ።

እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት። አዝማሪ ሰርግ ቤት ሲገባ ከመሰንቆው በፊት የሚቃኘው ሰውን ነው። ማን ይሸልማል? ማን «ተቀበል» ይላል? ማክቴል እንዲህ ያለ ሰው ነው። አያይም፣ ግን ደንበኛውን ያውቃል። ለዚህ ነው ሲዲው ላይ ከብሉዝ ሌላም ዘፈን ያለው። «ዋባሽ ካነንቦል» የተባለው የነጮች የባቡር ዘፈን አለ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልስማማም። በእንጀራው የሚዞር ሰው የተጠየቀውን ይጫወታል፣ ይሄ ሰው ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ የራሱ አድርጎታል።

እንግሊዝኛው የደቡብ ስለሆነ ወሬው በመጀመሪያ ሊያስቸግር ይችላል። ሁለት ሦስቴ ስሙት። ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ መስኮቱን ዘግታችሁ።